በሉህ ቀለም የተሳሉ መጻሕፍት

ሐርጌሳ ላለ ሐበሻ ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ትሠራለህ፣ ነገ አትሠራም፣ አለቀ። እሁድ እሁድ የምንገናኝ የአገሬ ልጆች ግን አይለቁኝም፤ «ጋሽ ጌታቸው፣ ጡረታ ወጡ አሉ፤ ግብዣው መቼ ነው?» ይሉኛል። አብዛኞቹ ግንበኞችና ቀለም ቀቢዎች ናቸው። እዚህ ከተማ ውስጥ ምን ስሠራ እንደኖርኩ ግማሾቹ እስከ ዛሬ በቅጡ አያውቁም። «የልጆች ደብተር ይጠግናል» ብለው ይስቃሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት የልጆች ደብተር ስጠግን ነው። ይህን የምጽፈው ሥራው ምን እንደነበረና እንዴት እንደጠፋ አንድ ቦታ ይቀመጥ ብዬ ነው እንጂ ለማንም ይጠቅማል ብዬ አይደለም።

ሙያዬ ጥረዛ ነው። ጢሜ ሳይበቅል ድሬዳዋ አንድ የግል ማተሚያ ቤት ገብቼ ወስፌ መያዝ፣ ወረቀት ቃጫውን ተከትሎ ማጠፍ፣ የስንዴ ሙጫ ማብሰል ተማርኩ። ማተሚያ ቤቱ ማሽን ሲያስገባ ጠራዦቹ በየተራ ተሰናበትን። አንድ ተቋራጭ ለቀለም ቅብ ሰው ሲሰበስብ አገኘሁትና ተከትዬው ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ ደግሞ ሐርጌሳ ገባሁ። ሥራው ሲያልቅ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ሥራው አለቀ፤ እኔ ቀረሁ።

ቀለም ቅብ ወገቤን ሲያስቸግረኝ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሠፈር አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጥግ ላይ ወንበር ሰጡኝ። የደረሰኝ ጥራዝ እሠራለሁ፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ። የመደብሩ ባለቤት መልካም ሰው ነበር፤ ቁርኣን ለጥረዛ ሲመጣ ግን እኔን ዘልሎ ለየመናዊው ሠራተኛ ይሰጣል። አልከፋኝም። እኛስ ዳዊታችንን ለማን እንሰጣለን?

ኤዶ ሳህራን ያወቅኋት እዚያ ነው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ከተማው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራት። ደረሰኝ ልትገዛ ገብታ ጥራዙን ገለበጠችው፣ ጀርባውን ዳበሰች፣ ክሩን በጥፍሯ ሳብ አድርጋ አየችው። ከዚያ በጠራ አማርኛ «ይኼን ማን ነው የሰፋው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«የት ተማርክ?»

«ድሬ።»

«አቦ!» አለች። «ከቀፊራ ገበያ ወዲህ ነው ወዲያ?»

አጎቷ ዘንድ ድሬዳዋ ነው ያደገችው። አንቱ ስላት «ስንት ሆኜ ነው የታየሁህ?» ብላ ሳቀችብኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት። ወዲያው ሥራህን ለቀህ ና አላለችኝም። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ይኼን ብትጠግነው እንዴት ትጠግነዋለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሲሚንቶ ከረጢት የተቆረጠ፣ በዱቄት ጆንያ ክር የተሰፋ፣ የዘይት ካርቶን ልባስ የሆነው ትንሽ መጽሐፍ ነበር። ገና ሳልከፍተው «መጀመሪያ እጄን ልታጠብ» አልኩ። ሥራውን ያገኘሁት በዚያ መልስ እንደሆነ ኋላ ነገረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሶማሊያ የእርስ በርስ ጦርነት ሐርጌሳን ሲያፈርሳት ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ኤዶ ሳህራ መምህር ነበረች። ከጅጅጋ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ መጽሐፍም ደብተርም የሌላቸውን ልጆች ሰብስባ «መጽሐፍ ከሌለን እንሠራለና» አለቻቸው። ወረቀቱ ከሲሚንቶ ከረጢት መጣ። ቀለሙ ደግሞ ከቁርኣን አስተማሪው። የሉህ ቀለም ነው፤ ከሰል ተፈጭቶ በግራር ሙጫና በውሃ ይበጠበጣል። ሉህ የቁርኣን ቤት ልጆች የሚጽፉበት ጣውላ ነው፤ ትምህርቱ ሲሸመደድ ታጥቦ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል። ስለዚህ ቀለሙ ውሃ ሲነካው እንዲለቅ ተደርጎ የሚሠራ ነው። ለሉህ ጥሩ ነው። ለመጽሐፍ ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ደረቅ ሆኖ ሲታይ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ይመስላል፣ ጠብታ ሲነካው የለም።

ልጆቹ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ቢስሚላህ ይጽፋሉ፣ ከዚያ የፈለጉትን ይስላሉ። ዓሣ የሚመስሉ አውሮፕላኖች አሉ። የውሃ ሰልፍ አለ፤ ጀሪካኖቹ ከሰዎቹ ይበልጣሉ። አንዱ ልጅ ቤታቸው የቀረውን ዕቃ ሁሉ፣ እስከ ኩባያው፣ አንድ በአንድ ስሎ ጨርሷል። ሰላም ሲወርድ ኤዶ ሳህራ ልብሷን ትታ መጻሕፍቱን በቆርቆሮ ሣጥን ይዛ ተመለሰች። 26 ጁን ሠፈር በሚገኘው ቤቷ ሁለት ክፍል ለእነሱ ለቀቀች። እኔን ስታገኘኝ ግማሾቹ ጀርባቸው ተሰብሯል፣ ምስጥም ጀምሯቸዋል። ደሞዝ ፕሮጀክት ሲኖር በስልክ ይላክልኛል፣ ሳይኖር ምሳ አብረን እንበላለን። በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

ስለ ልማዷ ግን ብዙ የምለው አለኝ። ሥራ ክፍሉ ውስጥ ውሃ አይገባም። ሻይ በረንዳ ላይ ነው። በበጋ ግንባሯን በጨርቅ አስራ ነው ጠረጴዛ ላይ የምታጎነብሰው፤ ላብ ይንጠባጠባል ብላ። እኔም ማሰር ነበረብኝ፤ ራሱን እንደታመመ ሰው ስመስል ዘበኛው ይስቅብኛል። ሙጫው እንደ ገንፎ ካልጠነከረ አይነካም፤ በጣት ሳይሆን በደረቅ ብሩሽ፣ ከቀለሙ ርቆ፣ በገጹ ጠርዝ ብቻ። አዲስ መጽሐፍ ስንጀምር የክብሪት እንጨት በምላሷ ታርስና ጥግ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ነካ አድርጋ ጫፉ መጥቆሩን ታያለች። ሁልጊዜም ይጠቁራል፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ትሞክራለች። አንድም መጽሐፍ ጮክ ብላ ሳታነበው ተፈትቶ አያውቅም። ልጁ የሳተውን ሳታቃና፣ እንደሳተው ታነበዋለች።

ከመጀመሪያ ሥራዎቼ አንዱ የአንዲት ልጅ የፍየሎች መጽሐፍ ነበር። ከቀኝ ሲከፈት በዐረብኛ ፊደል ይጀምራል፣ ከግራ ሲከፈት ሶማሊኛው በሚጻፍበት በላቲን ፊደል ይጀምራል፤ መሐል ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ፍየሎቹ ተዘቅዝቀዋል፣ እግራቸው ሰማይ ያያል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ የመሐሉን ቅጠል ፈትቼ አዞርኩትና ፍየሎቹን በእግራቸው አቁሜ ሰፋሁት። አምሮብኝ ነበር።

ኤዶ ሳህራ ከፈተችው፣ ዘጋችው። «ይኼ የማን መጽሐፍ ነው?» አለችኝ።

«የልጅቷ ነዋ።»

«ውሸትህን ነው። የእሷን የት አደረግከው?»

መጽሐፉን ተቀብዬ መሐሉን ከፈትኩት።

«ሁለት ፊደል ነበራት፤ የትኛው እንደሚቀድም የነገራት ሰው የለም። መሐል ላይ ሲጋጩባት ፍየሎቹን ገለበጠች። አንተ ምን ቤት ነህና ነው የምታስታርቃቸው? ፍታው!»

ፈታሁት። «ቀዳዳ ድፈን፣ የተቀደደ አያይዝ፤ የልጅ ስህተት ግን አትንካ» አለችኝ። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። ሲውል ሲያድር ግን ሥራዬ ሁሉ በዚያ ቃል ላይ ቆመ። ለማሳመር የሚጓጓ እጅን መያዝ ከስፌቱ በላይ ይከብዳል።

ሙባረክ የሚባለው ልጅ መጽሐፍ ከሁሉም ይለያል። ርዕሱ «ቤታችን» ነው። ቤተሰቡ ሲሸሽ እናቱ ትንንሾቹን ልጆች ይዛ በእግር ስትመጣ፣ ሙባረክን ከአጎቱ ጋር በጭነት መኪና አስቀድማ ላከችው፤ ይዳንልኝ ብላ ነው። እሱ ቀድሞ ሜዳው ላይ ደረሰ። እናቱን እየጠበቀ መጽሐፉን ሠራ። ከዚያ ተቅማጥ ገባበት። እሷ ስትደርስ ቀብረውት ነበር።

በመጽሐፉ ውስጥ የሐርጌሳው ቤታቸው ክፍል በክፍል አለ። መኪና የገጨው የቆርቆሮ በር አለ። አራቱም እግሮቹ በአንድ ጎን የተደረደሩ፣ ላዩ ላይ የታጠፈ ልብስ ያለበት አልጋ አለ። አባቱ ከነሬዲዮው፣ አያቱ ሲሰግዱ፣ ታናሽ እህቱ ሆዳን አፏን ከፍታ ስታለቅስ፣ ሰንሰለት የሌለው ብስክሌት፣ የጎረቤት አህያ ሳይቀር። ማድ ቤቱ ገጽ ላይ ሦስት ጉልቻ፣ በላዩ የሚፈላ ድስት፣ እንፋሎት ያነሳው ክዳን አለ። እናቱ ግን የለችም። መጀመሪያ የጠፋ ገጽ ያለ መስሎኝ የስፌቱን ቀዳዳዎች ቆጠርኩ። የጠፋ ገጽ አልነበረም።

ኤዶ ሳህራን ጠየቅኋት። «ለምን አልሳላትም?»

«አልጠየቅሁትም» አለች። «ብጠይቀው ኖሮ እኔን ደስ ይበላት ብሎ ይስላት ነበር።»

እናትየዋ፣ አየዮ ፋዱማ፣ መጽሐፉን ያኔ ሊሰጧቸው ቢሉ እንቢ አሉ። አየዮ አያት ማለት ነው፤ ዛሬ ሰው የሚጠራቸው እንዲያ ነው። «የሞተ ልጅ ደብተር እቤቴ አይገባም» አሉ። ኤዶ ሳህራ አስቀመጠችላቸው። ሆዳን አድጋ ጋአን ሊባህ የልብስ መደብር ከፈተች፤ አልፎ አልፎ እየመጣች የወንድሟን መጽሐፍ በዝምታ አይታ ትሄዳለች። የወንድሟ ፎቶ የላቸውም። ከእሱ የቀረው ይኸው ብቻ ነው። እናቷ ለምን እንደማያዩት አንድ ቀን ነገረችኝ፤ «ልጄ እንደተቀየመኝ ነው የሞተው ብላ ነው። ለብቻው ልኬው ተቀይሞኛል ትላለች። መጽሐፉ ውስጥ ከሌለሁ ተቀይሞኝ ነበር ማለት ነው ብላ ትፈራለች።» እንደሌሉበት ሆዳንም እኔም እናውቃለን። ለማንም አልተናገርንም።

ኤዶ ሳህራ ሞተች። በሽታው ረጅም አልነበረም፣ ይህ ብቻ ነው ደጉ ነገር። ቤቱ ለወንድሟ ልጅ ለሊባን ደረሰ። ሊባን ውጭ አገር ያደገ፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። «አንክል፣ ሁሉንም ስካን እናደርገዋለን፤ ዓለም ያየዋል» አለኝ። ቤቱን አድሶ ሊያከራየው ፈለገ። ደህናዎቹ መጻሕፍት ወደ ኦፊሱ፣ ስካን ወደሚደረጉበት ይሄዳሉ፤ የተጎዱትን እኔ ጨርሼ አስረክባለሁ፤ ከዚያ ጠራዥ አያስፈልግም። እሺ አልኩ። 

በዚህ መሐል ሆዳን መጣች። «እናቴ ልየው አለች» አለችኝ።  «ደክማለች። ከመሞቴ በፊት ልየው አለች።»

«እንደሌሉበት ሲያዩስ?» አልኳት።

«ይኼን ስንት ዓመት አስቤበታለሁ» አለች። «ማድ ቤቱን አሳያታለሁ። ድስቱ ይፈላል፤ እሳቱን ማን አነደደው? አልጋው ላይ ልብሱ ታጥፏል፤ ማን አጠፈው? እሷን አልሳላት ይሆናል፤ የሳለው ግን ሁሉ የእሷ እጅ ነው። በዓይኗ ስታየው ይገባታል። እኔ ብነግራት አታምነኝም፣ ስታየው ግን ታምናለች። ብቻ ራሷ ገጹን እንድትገልጠው አድርግልኝ።»

እናቷ ራሳቸው ይግለጡት የሚለው የሆዳን ልመና ቀላል አልነበረም። የጆንያው ክር ወረቀቱን እንደ ቢላ ይቆርጠው ጀምሯል፤ አንድ ሁለቴ ከተገለጠ ቅጠሎቹ ይረግፋሉ። ክሩን ቆርጬ አወጣሁ። ቅጠሎቹን ለያየሁ፣ እጥፋታቸውን በስስ ወረቀት ደገፍኩ፣ እንዲደርቁና እንዲስተካከሉ በጣውላ መሐል አድርጌ ክብደት ጫንኩባቸው። በለስላሳ ክር ልሰፋቸው ቀዳዳዎቹን ሁሉ ምልክት አድርጌ ነበር። ፋሲካ ደረሰ። በየዓመቱ ለፋሲካ ድሬዳዋ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ለሆዳን «ስመለስ እሰፋዋለሁ፤ እስከዚያ ይደርቃል» አልኳት። «ኢንሻአላህ» አለች።

ስመለስ የሥራ ክፍሉ ነጭ ቀለም ተቀብቶ አገኘሁት። ጠረጴዛዬ የለም። ደህናዎቹ መጻሕፍት ተጭነው ሄደዋል። እኔ ስጠግናቸው የነበሩት፣ የሙባረክም ጭምር፣ የሉም።

ዘበኛው ጃማ፣ ሰው አደር ማለትም አጎት የሚለው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። እኩያዬ ነው፤ ስደት ላይ ሳለ ጅጅጋ የቀን ሥራ ሲሠራ ነው አማርኛ የለመደው። ሲያየኝ ፈገግ አለ። «እንኳን ደህና መጣህ። ጾምህ ተፈታ?»

«ጠረጴዛዬ ላይ የነበሩት የታሉ?»

«አትጨነቅ። ሊባን ደውሎ ቀለም ቀቢዎቹ ይመጣሉ፣ የተበጣጠሰውን አውጣ አለኝ። ሰዎቹ ቆሻሻ ላይ ሊጥሉት ነበር። አስታግፊሩላህ! ሁሉም ላይ ቢስሚላህ ተጽፏል። እጃቸውን ይዤ አስጣልኳቸው።»

ልቤ ትንሽ መለስ አለ። «እሺ፣ የት አስቀመጥካቸው?»

«እንደሚገባው ነው ያደረግኩት። ነጭ ጨርቅ ገዛሁ፣ ከፈንኳቸው፣ ሰው የማይረግጠው ንጹሕ አፈር ፈልጌ ወንዙ ዳር ቀበርኳቸው።»

የአላህ ስም ያለበት ወረቀት አርጅቶ ሲበጣጠስ እንዲህ ነው የሚደረገው። አይጣልም፣ አይረገጥም፣ በክብር ይቀበራል። ይህን አውቃለሁ፤ እዚህ ስኖር ስንቴ አይቻለሁ። ተፈትቶ የተለያየ ቅጠል ለጠራዥ መጽሐፍ ነው፤ ለጃማ ግን ያበቃለት ወረቀት ነበር።

«መቼ ቀበርካቸው?» አልኩት። 

«ዝናቡ ሳይጀምር።»

ጨርሶ አልገባውም። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ነገር ነበር። «ለአንተም ብዬ ነው፣ ወላሂ» አለ። «ስንት ዘመን ስትደክምባቸው አይቻለሁ። ቆሻሻ ላይ ወድቀው እንድታያቸው አልፈለግኩም።»

አካፋ ይዘን ወረድን። የበልጉ ዝናብ፣ እነሱ ጉ የሚሉት፣ በዚያ ዓመት አምላክ እንዳዘዘው ጥሩ ዘንቦ ነበር። ከተማው ተደስቷል፣ ፍየሉ ጠግቧል፣ ደረቁ ወንዝ ጎርፎ አልፏል። ጃማ ቦታውን በሦስት ድንጋይ ምልክት አድርጎበታል። አፈሩ ጭቃ ነው። እሱ ቆፈረ፤ እኔ በእጄ አወጣሁ። ጨርቁ ነጭ አልነበረም፤ ከል የተነከረ ይመስል ጠቁሯል። ያኔ ነው ያወቅኩት። ስፈታው ቅጠሎቹ አሉ፤ የሲሚንቶ ከረጢት ጠንካራ ወረቀት ነው፣ አልበሰበሰም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ለቀቀ። ከሰሉ ሁሉ ወደ ጨርቁ ገብቷል።

ቅጠሎቹን ከፊቴ ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። ፍየሎች፣ አውሮፕላኖች፣ ጀሪካኖች፣ ሁሉም ሄደዋል። የሙባረክን ቅጠሎች ያወቅኋቸው ለስፌት ምልክት ባደረግኩባቸው ቀዳዳዎች ነው። ማድ ቤቱ የትኛው እንደነበር ለይቼ አወጣሁት። ቡናማ፣ እርጥብ፣ ባዶ።

ጃማ የሆነውን ሲረዳ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። «በአላህ ስም መሬት የገባ ነገር አይጠፋም» አለ፤ ግን ጥያቄ ይመስል ነበር አነጋገሩ። ልመታው ፈልጌ ነበር። በረንዳው ጥግ ጥለዋቸው ቢሆን ዝናቡ ሳይነካቸው ደርሼ አነሳቸው ነበር፤ የእህል ጆንያ ሥር ቢወረውሯቸው፣ በር ላይ ቢበትኗቸው፣ አንዳች ነገር ይተርፍ ነበር። ያጠፋቸው ክብር ነው። ይህን ጮኼ ነገርኩት። ባልናገረው ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጃማ ሲያየኝ መንገድ ይለውጣል።

ሊባን ስልክ ላይ «ሶሪ አንክል፣ ግን የተበላሹት ስካን ሳይደረጉ ነበር እንዴ የቀሩት?» አለኝ። አዎ፣ ሳይደረጉ። የተጎዱት እኔ ጨርሻቸው ከዚያ ነበር የሚሄዱት። ጠግኜ ልሰጥ ነበር።  ስልኩን ዘጋሁ።

ቅጠሎቹን ቤቴ ወስጄ ማሕሙድ ሃይቤ ሠፈር ባለችው አንዲት ክፍሌ ውስጥ በጋዜጣ መሐል አደረቅኳቸው። መድረቃቸው ለምን እንደሚያስፈልግ አላውቅም። እጄ የለመደው እሱን ስለሆነ ነው። አንድ ምሽት እርሳስ አንስቼ ድስቱን ልስለው ሞከርኩ፤ ማንም አያውቅም፣ እኔ በልቤ አውቀዋለሁ ብዬ። ክዳኑ ክብ ሆኖ ወጣ። የአዋቂ ክዳን። በግራ እጄ ሞከርኩ፤ የሰካራም ክዳን ሆነ። ቀድጄ ጣልኩት፣ ከዚያም አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ ለወረቀት ሳለቅስ ጎረቤት ሰምቶ በር አንኳኳ።

ለሆዳን መደብሯ ሄጄ ነገርኳት። ደንበኛ ቆሞ ነበር፤ ደንበኛውን በትዕግሥት ሸኘች፣ ሂሳቡን ተቀበለች፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «በየቀኑ ትጠይቀኛለች» አለች። «ራስህ ንገራት። እኔ አልችልም። ስለ ድስቱ ንገራት። ከእኔ ይልቅ አንተን ታምናለች፤ ሥራህ ነው።»

በማግስቱ ቅጠሎቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ። አየዮ ፋዱማ ፍራሽ ላይ፣ ግድግዳው ጥግ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ያያል፣ ጆሮአቸው ይሰማል፤ ያለቀው ጉልበታቸው ብቻ ነው። በሶማሊኛ ነው የተነጋገርነው። የሆነውን ሁሉ፣ ቀብሩን፣ ዝናቡን፣ ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አልጮሁም። «ስጠኝ» አሉና ቅጠሎቹን ጭናቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ ገለጡ። ገጹን ያገላብጣሉ፣ በጣታቸው ይዳብሳሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ሆዳን በሩ አጠገብ ቆማለች።

የመጨረሻውን ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ። «ነበርኩበት?» አሉኝ።

መንገድ ሁሉ እውነቱን ስለማመድ ነበር የሄድኩት። አልነበሩበትም፣ ግን እሳቱን የለኮሱት እርስዎ ነበሩ፤ ይህን ነበር የምለው። ፊታቸውን ሳይ ግን አፌ ቀደመኝ።

«ነበሩበት» አልኩ።

«የት?»

«በሩ ላይ። ቆመው።»

«ምን ለብሼ?»

መጽሐፉ ውስጥ ከጥቁር ሌላ ቀለም እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። «ቀይ ቀሚስ» አልኩ።

አየዮ ፋዱማ እጃቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ። «ቀይ ቀሚስ ኖሮኝ አያውቅም» አሉ። «አባቱ ቀይ አይወድም ነበር።»

 «ይቅር ይበሉኝ» ብዬ እውነቱን አወጣሁት። ስለ ሦስቱ ጉልቻ፣ ስለሚፈላው ድስት፣ እንፋሎት ስላነሳው ክዳን፣ አልጋው ላይ ስለታጠፈው ልብስ ነገርኳቸው። ሆዳንም መጥታ አጠገባቸው ተንበረከከች። «ሆዮ፣ እውነቱን ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ድስቱ ነበረ» ትላለች፣ እንባዋ እየወረደ። እማዬ ማለቷ ነው።

እስክንጨርስ ሰሙን። ቅጠሎቹን ሰብስበው ጠርዛቸውን አስተካከሉና ለእኔ መለሱልኝ።

«ይኼንንም አሁን ነው የፈጠርከው» አሉኝ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።